ንጉሥ የረገጠው ድንጋይ

በኛ ጊዜ ፈረስ ላይ መውጣት ያቃታት ሙሽራ እግር እንደሌላት ነበር የምትቆጠረው፤ ምን ያስቅሻል አንቺ ልጅ፣ እውነቴን ነው። እናንተ ዛሬ ከዳንግላ በሚኒባስ መጣችሁ፣ ከእንጅባራ ደግሞ በባጃጅ እየተንገጫገጫችሁ እዚህ ጊዮርጊስ በር ድረስ ደረሳችሁ፣ እግራችሁ ጭቃ አልነካም። በኛ ጊዜ ቤተ ክርስቲያንም በፈረስ፣ ገበያም በፈረስ፣ ሰርግም በፈረስ፣ ለቅሶም በፈረስ ነው፤ ወንዱም ይቀመጣል፣ ሴቱም ይቀመጣል። ያ ስልክሽ እየቀዳ ነው? ይቅዳ፣ ይቅዳ። ለመቅዳትም ኔትወርክ ይፈልጋል እንዴ? አይፈልግም? ጥሩ። በሉ ዳቦውን ብሉ፣ አትግደርደሩ። ጠፍጣፋ ነው፣ አውቃለሁ። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ፤ ከዚሁ ልታዩት ከመጣችሁት ድንጋይ ጋር የተያያዘ ነው።

ድንጋዩን ነው አይደል የፈለጋችሁት? «ንጉሥ የረገጠው ድንጋይ የቱ ጋ ነው?» ብላችሁ በር ላይ ስትጠይቁ ሰምቻለሁ። ይኸው፣ የተቀመጥኩበት ነው። አይ፣ አልነሳም፤ ፎቶ ከፈለጋችሁ ከነእኔው አንሱት።

ንጉሥ ረገጠው ያለው ማነው? ቢምረው ነው። ቢምረው ማለት ዋርሳዬ ነው፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፤ ያው እዚያ ጥዱ ሥር ጋቢውን አጣፍቶ ሰው ሰብስቦ የሚያወራው ሽማግሌ። ድምፁ እስከዚህ ይሰማል፤ ሰባ ዓመት አልፎት እንኳ ድምፁ አልደከመም። መጀመሪያ፣ ቆይቷል ታዲያ፣ የዘንገናን ሐይቅ ሊያዩ የመጡ ሰዎች በዚህ ሲያልፉ «አባት፣ ይህ ድንጋይ ምንድነው?» ብለው ጠየቁት። ቢምረው ደግሞ «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም፤ ለምን እንደማይወጣ በኋላ ይገባችኋል። ጉሮሮውን ጠራረገና «ይሄማ፣ ይሄማ የድሮው ንጉሥ ወደ ዘንገና ሲወርዱ ፈረሳቸው ላይ የወጡበት ነው» አላቸው። በቃ። በዓመቱ ንጉሡ መውጣት ብቻ ሳይሆን ቁጭ ብለው አረፉበት። ቀጥሎ ምሳ በሉበት። ቀጥሎ ደግሞ ፍርድ ሰጡበት፣ ሁለት ወንድማማች አስታረቁበት። «የትኛው ንጉሥ ናቸው?» ሲሉት «ስማቸውን እንዲህ በየሜዳው አንጠራም» ይላል፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ሰዉም ያምናል፤ ጫማውን አውልቆ ድንጋዩን የሳመም አለ። እኔ እዚህ ቆሜ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ እሰማለሁ፣ ዝም። ዝም የምለው ስለማላውቅ እንዳይመስላችሁ፤ ስለማውቅ ነው።

ይህን ድንጋይ ባሌ ነው የተከለው። አለኸኝ ይባላል፣ ነፍሱን ይማርና። ለእኔ ብሎ ነው የተከለው።

እንዴት መሰላችሁ? አያችሁ ቁመቴን? እርጅና አሳጥሯት ነው ትሉ ይሆናል፤ የለም፣ ድሮም ይችው ነኝ። አለኸኝ ደግሞ ረጅም፣ ፈረሱም ረጅም። ከሰርጋችን በኋላ በመጀመሪያው እሁድ አስቀድሰን ወጣን። ከቤት ስንነሳ ደጅ ካለው መደብ ላይ ቆሜ ነው የወጣሁት፤ እዚህ በር ላይ ግን መደብ የለ፣ ምን የለ። እርካቡ ደረቴ ጋ ነው። አንድ ጊዜ ዘለልኩ፣ ወረድኩ። ሁለተኛ ዘለልኩ፣ ኮርቻውን በክርኔ ይዤ ተንጠለጠልኩ፣ እና ፈረሱ አንገቱን ዞር አድርጎ አየኝ፤ ያ ፈረስ ያየኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። አገር ቆሞ ያያል። አንዱ «አለኸኝ፣ በቅርጫት አድርገህ አንጠልጥላት!» አለ። ቄሱ ራሳቸው መስቀላቸውን እንደያዙ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ፣ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ታዲያ ባልሽ ለምን አንስቶ አላስቀመጠሽም ትሉኛላችሁ። ኧረ ወዲያ! በኛ ጊዜ አዲስ ሙሽራ በእናቱ ፊት፣ በቄስ ፊት፣ በአገር ፊት የሚስቱን ወገብ ይዞ ሊያነሳ? ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ ሰው አያይማ። እና በእግሬ ሄድኩ። እሱም እኔ በእግሬ እየሄድኩ እንዴት ፈረስ ላይ ይቀመጥ፣ ልጓሙን እየሳበ አብሮኝ በእግሩ ሄደ። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሱ ዝም፣ ፈረሱ ብቻ ደስ ብሎት። ቤት ልንደርስ ስንል «አይዞሽ፣ በሚመጣው እሁድ መወጣጫ ይኖርሻል» አለኝ።

ታዲያ ከየት ያምጣ? የኛ አገር ድንጋይ ታውቁት የለ፣ ድቡልቡል ነው፤ ብትቆሙበት ይዟችሁ ይንከባለላል። ሁለት ሦስት አምጥቶ ሞከረ፣ አልሆነም። ሰፊና ጠፍጣፋ ድንጋይ በመንደሩ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የት? አማቴ ጓዳ። ወፍጯቸው!

እናንተ ወፍጮ ስትባሉ በሞተር የሚጮኸው ነው የሚታያችሁ። ያን ጊዜ ወፍጮ ድንጋይ ነው፤ ሰፊው ታች ይተኛል፣ መጁን በላዩ እየገፋችሁ ትፈጫላችሁ፣ ሲለሰልስ ደግሞ ፊቱን በሹል ድንጋይ ነቆር ነቆር አድርጋችሁ ትወቅሩታላችሁ። የአማቴ ወፍጮ የተመረጠ ነበር። መሐሉን ቀይ መስመር ያቋርጠዋል፣ ከአንድ ጥጉ ተሸርፏል። እሳቸው በዚያ ወፍጮ ይምላሉ፣ ከባላቸው ይልቅ እሱን ነው የሚያምኑት።

እና በገበያ ቀን አማቴ ቆሰበር ወጡ። ያው እናንተ እንጅባራ የምትሉት ነው፣ ለኛ ቆሰበር ነው። ቢምረው ያን ጊዜ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ «ቤት ጠብቅ፣ ንቅንቅ እንዳትል» ተብሏል። እሱ ደግሞ ጎረምሶቹ ሜዳ ላይ ፈረስ ሊያሯሩጡ ነው ሲባል ሰምቶ እብስ ብሏል። እኔ ውኃ ወርጄ ስመለስ ባሌና ጓደኛው ከቀርከሃ በተሠራ ቃሬዛ የሆነ ነገር ተሸክመው ከቤት ሲወጡ አገኘኋቸው፣ ላዩ በጋቢ ተሸፍኗል። ደነገጥኩ። «ማን ታመመ?» አልኩ። «ዝም በይ» አለኝ ባሌ። መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሁሉ ቃሬዛውን አይቶ ቆቡን እያወለቀ «እግዚአብሔር ይማረው! እግዚአብሔር ይማረው!» ይላል። ጓደኛው ሳቁን መያዝ አቅቶት ሲንፈቀፈቅ ደግሞ የሚያለቅስ መስሏቸው «አይዞህ፣ ይድናል» ይሉታል። እንዲህ ሆኖ ነው ይህ ድንጋይ እዚህ የደረሰው፣ እንደ በሽተኛ፣ እየተመረቀ። ባሌም እናቱ እንዳያውቁት ፊቱን ወደ መሬት ገልብጦ፣ የተሸረፈውን ጥግ አፈር አልብሶ ተከለው።

ማታ ነገር ፈላ። አማቴ ዘንቢላቸውን ሳያወርዱ ጓዳ ገቡ፣ ከዚያ ጩኸት። «ወፍጮዬ! ቢምረው! ወፍጮዬ የት ሄደ?» ቢምረው ዓይኑን አፍጥጦ «አላውቅም» አለ። «ቤት ስትጠብቅ አልነበር? ማን ወሰደው?» «አላውቅም እማዬ።» «ወፍጮ እግር አውጥቶ ሄደ?» «አላውቅም።» አለንጋውን አወረዱ። አንድ «አላውቅም»፣ አንድ አለንጋ፤ አንድ «አላውቅም»፣ አንድ አለንጋ። አለኸኝ መሐል ገብቶ እጃቸውን ያዘና «እኔ አዲስ እገዛልሻለሁ እናቴ፣ ተይው» አለ። እኔ ጥግ ቆሜ አየሁ። አንድ ቃል ብናገር ልጁ ይድን ነበር፤ አልተናገርኩም። ፈራሁ። ገና ሁለት ሳምንቴ ነው በዚያ ቤት። እውነቱን ለመናገር ልጆቼ፣ ከዚያ ወዲህ ቢምረው የማያውቀው ነገር ሲጠየቅ «አላውቅም» ብሎ አያውቅም። የሆነ ነገር ፈጥሮ ይናገራል እንጂ ያን ቃል አይጠራትም። ሰው ውሸታም ይለዋል፤ እኔ ግን ያ አለንጋ ይሰማኛል።

አማቴ ከዚያ ደጅ ወጡና ጎረቤት እንዲሰማ አድርገው፣ በአማርኛም በአዊኛም፣ «ወፍጮዬን ያስወሰደ ቤት ሊጡ ኩፍ አይበልለት!» ብለው ረገሙ። እኔ ነኛ ያስወሰድኩት! ይኸው ዳቦዬን እያያችሁት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቀን ኩፍ ብሎልኝ አያውቅም። ደግሞ ቅጣቱ መች በዚህ ያበቃል፤ አዲሱ ወፍጮ እስኪመጣ ድረስ እህሉን ተሸክሜ ጎረቤት ቤት እየሄድኩ የፈጨሁት እኔው ነኝ።

በእሁዱ መጣን። ወጣሁ! በአንድ እርምጃ ድንጋዩ ላይ፣ በሁለተኛው እርካቡ ላይ፣ በሦስተኛው ኮርቻ ላይ ጉብ። ያ «በቅርጫት» ያለው ሰውዬ አፉን ከፍቶ ቀረ። አማቴም ድንጋዩን አዩና «ይህን ማን አመጣው? እሰይ፣ ተባረክ! እድሜ ይስጥህ!» ብለው ቁጭ አሉበት። ቁጭ ብለው ምን ያደርጋሉ? ወፍጯቸውን የወሰደውን ይረግማሉ። ሲመርቁም ባሌን፣ ሲረግሙም ባሌን፣ እዚያው ወፍጯቸው ላይ ተቀምጠው! እኔና አለኸኝ እስከ ቤት ድረስ ዓይን ለዓይን አልተያየንም፤ ብንተያይ በሳቅ እንሞት ነበር። ለእናቱ እንዳልናገር አስማለኝ፣ ማልኩ። አማቴ እድሜ ጠግበው ሞቱ፣ ሳያውቁ። ከዚያ «ለቢምረው እንንገረው» ይለኛል፣ «ነገ እንነግረዋለን» እለዋለሁ፤ ነገ፣ ነገ ስንል አለኸኝም ሞተ። ምስጢሩ ለብቻዬ ቀረ።

ታዲያ አምና ሰዎች መጡ። ቅርስ የሚያጠኑ ናቸው፣ ከሩቅ ነው የመጡት፣ ጨዋ ሰዎች። አለቃቸው ሰፊ ኮፍያ ያደረገ፣ ሲናገር ቀስ የሚል፤ እኛ «ኮፍያው» አልነው። የቢምረውን ንጉሥ ሰምተው ነው። ኮፍያው ድንጋዩን ለካ፣ ዳሰሰ፣ ከዚያ «ይህን የመሰለ ቅርስ ዝናብና ፀሐይ ላይ መቅረት የለበትም፤ ከተማ ወስደን አዳራሽ ውስጥ በመስታወት እናስቀምጠዋለን» አለ። አይሱዙ አቁመዋል። ቢምረውማ በደስታ ክንፍ አወጣ፣ «ንጉሡም ቢሆኑ ይህንኑ ነበር የሚፈልጉት!» ይላል።

እኔ እንዲወሰድ አልፈለግኩም። እውነት ነው ፈረስ ላይ መውጣት ከተውኩ ቆየሁ፤ ጉልበቱ የታለ። ግን እሁድ እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ እዚህ እቀመጣለሁ። የአለኸኝ መቃብር እዚያ ውስጥ ነው፣ እሄዳለሁ፣ እሳለማለሁ፣ ግን እዚያ አላገኘውም። እዚህ ነው የማገኘው። ልጓሙን ይዞ እዚህ ቆሞ፣ ሰው እንዳያየው በጎን እያየኝ፣ «ረገጥሽ? ያዝሽ?» ሲለኝ እሰማዋለሁ። ይናፍቀኛል፣ ምን ልበላችሁ። እና ይህን ወስደው መስታወት ውስጥ ሲከቱት እኔ የት ልቀመጥ፣ መስታወት ውስጥ?

«ልጄ፣ ተወው፣ ተራ ድንጋይ ነው» አልኩት ኮፍያውን። «ለእርስዎ ተራ ሊመስልዎት ይችላል እናቴ» አለኝ በትሕትና። ከዚያ ወጣቶቹ ድጅኖ አገቡበትና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ገለበጡት። አፈሩን በመጥረጊያ ሲጠርጉለት ያ ጎድጓዳው ወጣ፣ የተወቀረው ፊቱ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ወጣ። ኮፍያው ተንበረከከ። «ጽሑፍ ነው!» አለ። «ጥንታዊ ጽሑፍ! እዩት፣ በመስመር ነው የተቀረጸው!»

የመንደሩ ሴቶች ቆመው ነበር። መጀመሪያ አንዷ ፍርፍር አለች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁላችንም፤ አንዷማ ሆዷን ይዛ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። «ምነው?» ይላል ኮፍያው። «ወፍጮ ነው ልጄ!» አልነው። «የተወቀረ ወፍጮ ነው!» ይህን ያህል ዘመን ወንዶቹ ስለ ድንጋዩ ሲያወሩ እኛን የጠየቀን የለማ! እሱ ግን ምን አለ መሰላችሁ? «ወፍጮ? እንዲህማ ከሆነ ይበልጥ ቅርስ ነው! ስንት መቶ ዓመት ይሆነዋል?» ጭራሽ አብሰነው ቁጭ! አሁን ይዘውት ሊሄዱ ነው። ወጣቶቹ ገመድ አመጡ።

በዚህ መሐል ቢምረውን አየሁት። ንጉሡን ትቶታል። አጎንብሶ ቀዩን መስመር በጣቱ ይከተላል፣ ከዚያ የተሸረፈውን ጥግ ዳሰሰ። ያኔ እንዳወቀው ገባኝ። ተናገርኩ። «መቶ ዓመት የለውም» አልኩ። «የቢምረው እናት ወፍጮ ነው። እኔ ፈረስ ላይ መውጣት አቅቶኝ አለኸኝ ነው ወስዶ እዚህ የተከለው።» ሁሉንም ተናገርኩ፣ ቃሬዛውን፣ ጋቢውን፣ አለንጋውን። በሳቅ የጀመሩት ሁሉ አለንጋው ላይ ስደርስ ሳቁን ተዉት።

ቢምረው ቀና ብሎ አየኝ። «እትዬ ይታይሽ» አለኝ፣ «ስገረፍ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ይህን ሁሉ ዘመን?»

«ይህን ሁሉ ዘመን» አልኩት።

ኮፍያው ወደ ቢምረው ዞረና «እንግዲህ ወፍጮው የእናትዎ ከሆነ ባለቤቱ እርስዎ ነዎት አባት፤ ይሰጡናል ወይስ ይቅር?» አለው። አገር ሁሉ ቢምረውን ያያል። ቢናደድብኝ እውነቱን ነው፤ ውሰዱት ቢል፣ ጫኑት ቢል ማን ይፈርድበታል? ንጉሡንም ያጣው በእኔ፣ ጀርባውም የተገረፈው በእኔ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። «መልሱት» ሲል ሰማሁ። «እነበረበት መልሱት። ግን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ፤ የእናቴ እጅ ይታይ።» እና በትሩን አንስቶ ሄደ።

ሁለት እሁድ አላናገረኝም። በዚህ ያልፋል፣ ሰላምታ የለም። እኔም የአማቴ መቃብር ላይ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ አለቀስኩ። በሦስተኛው እሁድ እዚህ ተቀምጬ ሳለሁ መጣና ቆመ። ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ በበትሩ ጎኔን ነካ አድርጎ «ጠጋ በይ፤ ድንጋዩ የእናቴ ነው» አለኝ። ጠጋ አልኩለት። ሁለታችን ተቀመጥን፣ ተፋፍገን። ወዲያው ከባሕር ዳር የመጡ እንግዶች ደረሱና «አባት፣ ንጉሥ የረገጠው ድንጋይ ይህ ነው? የትኛው ንጉሥ ናቸው?» አሉት። ጉሮሮውን ሲጠራርግ ሰማሁ፣ መጣ ደግሞ አልኩ በሆዴ። እሱ ግን ወፍጮውን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረገና «አላውቅም» አለ። ካለም በኋላ ትከሻውን ሰበሰበ፣ አለንጋ እንደሚጠብቅ ልጅ፣ በዚያ እድሜው። ማንም አልመታውም። ዞር ብሎ አየኝና ሳቀ፤ እኔ እያለቀስኩ ሳቅኩ።

አሁን እዚያ ጥዱ ሥር ምን የሚያወራ ይመስላችኋል? ግርፋቱን ነው! አምና አምስት አለንጋ ነበር፣ ዘንድሮ ሃያ ደርሷል። ይሁን፣ ይጨምር፣ ይገባዋል።

«እማማ ይታይሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አማትዎን ይቅርታ ከጠየቁ እርግማኑ ተፈቷል ማለት ነው። ይህ የምንበላው ዳቦ ታዲያ መቼ የተጋገረ ነው?»

ትናንት። ዝም ብለሽ ብዪ!